ሳያመኝ ለምን ልመርመር?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። 38 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ደሴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤታችን መጥታ ‹ጤና ጣቢያ የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ በነጻ አለ፣ ሂጂ› አለችኝ። እኔ ግን ምንም አያመኝም። ከስድስት ዓመት በፊት ኩዌት ስሄድም ሙሉ ምርመራ አድርጌ ነጻ ነሽ ተብያለሁ። ጎረቤቴ አምና ሄዳ ‹ፖዘቲቭ ነሽ› ብለዋት ሳምንት ሙሉ ስታለቅስ ከረመች፣ ከባሏም ተጣላች። ደግሞ የሚመረምሩት በኮምጣጤ ነው ይባላል። ስቶክሆልም ያለችው የአክስቴ ልጅ ‹እሱማ የድሃ ምርመራ ነው፣ ከፍለሽ ፓፕ ስሜር ተሠሪ› አለችኝ። ምን ይሻለኛል? የ12 ዓመት ሴት ልጅም አለችኝ፣ ለእሷ ክትባት አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። በነገራችን ላይ እናቴ 61 ዓመቷ ነው። የወር አበባዋ ከቆመ ብዙ ጊዜው ነው። ሰሞኑን ትንሽ ደም አየሁ ብላ ጸበል ጀምራለች። እሷንም ጤና ጣቢያ ወስጄ ይህንኑ ላስመርምራት?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። «በነገራችን ላይ» ብለሽ ያለፍሽው ነገር ከሁሉም ይቀድማል።

የወር አበባ ከቆመ ዓመት ካለፈው በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታም ብትሆን፣ ዝም አይባልም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው። በዕድሜ ምክንያት የማህፀኑ ግድግዳ ወይም የብልቱ ቆዳ ይሳሳና ይደማል። አንዳንዴ ፖሊፕ የምንላት ትንሽ እብጠት ትገኛለች። ግን የማህፀን በር ካንሰርም ሆነ የማህፀን ውስጠኛው ግድግዳ ካንሰር መጀመሪያ የሚታወቁት በዚሁ ደም ነው። የትኛው እንደሆነ ሳይታይ መገመት አይቻልም።

ለእናትሽ የጤና ጣቢያው ቅድመ ምርመራ አይሆንም። ቅድመ ምርመራ የሚባለው ምንም ምልክት ለሌላት ሴት የሚደረግ ነው። እሳቸው ምልክት አላቸው። ሌላም ምክንያት አለ። በእሳቸው ዕድሜ በኮምጣጤ የምናየው ቦታ ወደ ውስጥ ይገባል፣ በዓይን አይደረስበትም። «ነጌቲቭ» ተብለው ወደ ቤት ቢመለሱ ያ ወረቀት ያዘናጋቸዋል እንጂ አይጠቅማቸውም። ስለዚህ ሆስፒታል ይሂዱ። በመሣሪያ ይታያሉ፣ አልትራሳውንድ ይነሳሉ፣ ካስፈለገም ናሙና ይወሰዳል። ደሴ ላይ ሪፈራል ሆስፒታል ስላላችሁ ሩቅ አገር አያስኬድም።

ጸበሉን ይተዉ አልልም። ብዙ ታካሚዎቼ ከጸበል መልስ ነው የሚመጡት። ሁለቱ አይጣሉም። የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሱባኤው እስኪያልቅ አይጠበቅ። አንድ ጊዜ የመጡ እናት ደሙን ሲያዩ «ልጅነቴ ተመለሰ» ብለው ተደስተው ጎረቤት ጠርተው ቡና አፍልተው እንደነበር ነገሩኝ። እኔ ጋ ሲደርሱ ስምንት ወር አልፏል። የእሳቸው ሳቅ እስካሁን ከፊቴ አይጠፋም።

አሁን ወደ አንቺ።

«ምንም አያመኝም» ብለሽኛል። ምርመራው የተዘጋጀው እንዲህ ለምትል ሴት ነው። ለምን እንደሆነ በደንብ ላስረዳሽ፤ ይህን ነገር አንዴ ከገባሽ የቀረው ሁሉ ቀላል ነው።

ከንፈርሽን በመስታወት ተመልከቺ። የውስጡ ርጥብ ቆዳና የውጪው ደረቅ ቆዳ የሚገናኙበት መስመር አለ። የማህፀን በር ላይም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ቆዳ የሚገናኝበት መስመር አለ። ኤች ፒ ቪ የሚባለው ቫይረስ የሚያጠቃው ይህን መስመር ነው። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። በጣም የተለመደ ነው፤ ግንኙነት የጀመረ ሰው አብዛኛው፣ ወንድም ሴትም፣ በሕይወቱ አንድ ቀን ያገኘዋል። ከ10 ሴቶች የ9ኙ ሰውነት በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ራሱ ያጠፋዋል። ሴትየዋ መግባቱንም መውጣቱንም አታውቅም። ችግሩ እምቢ ብሎ የሚቀረው ነው። እዚያ መስመር ላይ ይቀመጥና ሴሎቹን ቀስ እያለ ይቀይራቸዋል። ቅድመ ካንሰር የምንለው ይህን ለውጥ ነው። ከዚያ ካልታከመ ካንሰር ይሆናል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል።

አስቢው። 15 ዓመት! ይህን ያህል ጊዜ ሰጥቶ የሚመጣ ካንሰር በጣም ጥቂት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን አያምም፣ አይደማም፣ አይሸትም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ይህኛው ግን ራሱ ከባለቤቱ የሚደበቅ በሽታ ነው። ወገብ ሲያም፣ ከግንኙነት በኋላ ደም ሲታይ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሲመጣ፣ ያ 15 ዓመት አልቋል ማለት ነው። እኛ የምንፈልገው ከዚያ በፊት ያለውን ጊዜ ነው።

ቫይረሱና ካንሰሩ ዝምድና እንዳላቸው የታወቀው በጀርመናዊው ሐኪም በሃራልድ ዙር ሃውዘን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ከማህፀን በር ካንሰር ናሙና ውስጥ ኤች ፒ ቪ 16 የተባለውን ዓይነት አገኘ። በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዛሬ 16 እና 18 የተባሉት ሁለቱ ዓይነቶች ብቻ ከመቶ 70 ያህሉን የማህፀን በር ካንሰር እንደሚያመጡ እናውቃለን። በፊት ይህ በሽታ በምች፣ በማህፀን ብርድ፣ በእርግማን ይሳበብ ነበር። አሁን ስሙ የሚታወቅ ቫይረስ ነው፤ ስለዚህም መከላከል ይቻላል።

የኩዌቱ ምርመራ ላይ ብዙ እህቶቻችን ይሳሳታሉ። ለጉዞ የሚደረገው ምርመራ ለቀጣሪው አገር የሚደረግ ነው። የሳንባ ራጅ፣ ኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስ፣ እርግዝና ይታያል። የማህፀን በርሽን ግን ማንም አላየውም። «ነጻ ነሽ» ያሉሽ ለሥራ ነው።

በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው ይኸው ነው። ለ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት በኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ከ7 ሺህ በላይ ሴቶች በዚህ ካንሰር ተይዘዋል፣ ከ5 ሺህ በላይ ሞተዋል። ሁለቱ ቁጥሮች እንዲህ የተቀራረቡት ሴቶቻችን ዘግይተው ስለሚደርሱ ነው። ከዘገየ ደግሞ ሕክምናው ጨረር ነው። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከወሎ፣ ከባሌ፣ ከጋምቤላ የመጣች ሴት ለወራት ወረፋ ትጠብቃለች። ማደሪያው፣ ምግቡ፣ አስታማሚው ሲታሰብ ቤተሰቡ በሬውን ሸጦ ነው የሚመጣው። ከዚያ በኋላ ሌሎች ከተሞችም ማሽን እያገኙ ነው፤ ወረፋው ግን አሁንም አለ። አንቺ አሁን ልትሄጂበት የምታመነቺው ምርመራ ደግሞ አምስት ደቂቃ ነው።

ኮምጣጤውን በተመለከተ፣ አዎ፣ ኮምጣጤ ነው። አሴቲክ አሲድ እንለዋለን። መጠኑ ተለክቶ ከመቶ ከ3 እስከ 5 ሆኖ የተበጠበጠ፣ ወጥ ቤት ካለው ጋር አንድ ዘር። ዕንቁላል መጥበሻ ላይ ሲያርፍ ውኃ የመሰለው ክፍል እንዴት እንደሚነጣ ታውቂያለሽ። ኮምጣጤውም በተለወጡት ሴሎች ላይ እንደዚያ ያደርጋል። ጤነኛው ሮዝ እንደሆነ ይቀራል፣ የተለወጠው ቦታ ግን አንድ ደቂቃ ያህል ከተጠበቀ በኋላ ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። የሠለጠነች አዋላጅ ነርስ በዓይኗ ታየዋለች። በእኛ ቋንቋ ቪ አይ ኤ ይባላል።

አደራ፣ ይህን ሰምታ ቤቷ በኮምጣጤ የምትታጠብ ሴት አትኑር። ይጎዳል እንጂ አያክምም።

«የድሃ ምርመራ» የሚለው ቃል ያናድደኛል፣ አልደብቅሽም። ሕንድ ውስጥ፣ ሙምባይ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ትልቅ ጥናት ተደርጓል። ድሃ ሰፈር የሚኖሩ 150 ሺህ ያህል ሴቶች በሁለት ተከፈሉ። በአንዱ ወገን ያሉት በየሁለት ዓመቱ በኮምጣጤ ታዩ። የመረመሯቸው ሐኪሞች አልነበሩም፤ 10ኛ ክፍል የጨረሱና አራት ሳምንት የሠለጠኑ የሰፈር ሴቶች ናቸው። ውጤቱ በ2013 ሲወጣ፣ የተመረመሩት ወገን በማህፀን በር ካንሰር የመሞት ዕድላቸው በ31 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ። ይህን ያደረገው ኮምጣጤ፣ ባትሪና የሠለጠነ ዓይን ነው። እኔ በዚህ አላፍርም።

ፓፕ ስሜርም መጥፎ አይደለም። በግሪካዊው ሐኪም በፓፓኒኮላው ስም የተጠራ፣ ከማህፀን በር የተጠረጉ ሴሎች በማይክሮስኮፕ የሚታዩበት፣ ብዙ ሚሊዮን ሴቶችን ያተረፈ ምርመራ ነው። ግን እንዴት እንዳተረፈ እንመልከት። ፊንላንድን የመሳሰሉ አገሮች ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዷ ሴት በየአምስት ዓመቱ የጥሪ ደብዳቤ ይልካሉ። ቀጠሮው፣ ላቦራቶሪው፣ ውጤቱ፣ ሕክምናው አንዱ ከአንዱ ተያይዟል። በዚህ መንገድ ፊንላንድ በበሽታው የሚሞቱትን ከመቶ 80 ገደማ ቀነሰች። የአክስትሽን ልጅ የሚጠብቃት ያ ደብዳቤ ነው፣ ፓፕ ስሜሩ ብቻውን አይደለም። አንዴ ብቻ የተሠራ ፓፕ ስሜር ብዙ ያመልጠዋል፤ ጉልበቱ መደጋገሙ ነው። እኛ ጋ ደብዳቤ የሚልክ የለም። ናሙናው ተወስዶ ፓቶሎጂስት ወዳለበት ይላካል፣ ውጤቱ ቀናት ወይም ሳምንታት ይወስዳል፣ ከዚያ ተመለሽ ትባያለሽ። በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ የምትቀር ሴት አለች። እስቲ እሷንም ጠይቂያት፤ ስዊድን አሁን በዋናነት የምትጠቀመው የኤች ፒ ቪ ምርመራን ነው፣ ናሙና መውሰጃውም ቤቷ በፖስታ ሳይመጣላት አይቀርም።

የኤች ፒ ቪ ምርመራ ከሁሉም የተሻለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በመጀመሪያ የሚመክረው እሱን ነው። ቫይረሱ ራሱ አለ ወይ ብሎ ይፈልጋል፣ ናሙናውን ሴትየዋ ራሷ መውሰድ ትችላለች። በአገራችንም አንዳንድ ተቋማት ጀምረዋል። የአንቺ ጤና ጣቢያ ካለው እሱን ምረጪ። ከሌለው ግን በኮምጣጤው ዛሬ ተመርመሪ። ለከርሞ ከምትጠብቂው የተሻለ ምርመራ ዛሬ ያለው ይበልጣል፤ ይህን የምልሽ ሲጠብቁ የቀሩ ሴቶችን ስላየሁ ነው።

የጎረቤትሽ ነገር ልቤን ነካው። ሳምንት ሙሉ ያለቀሰችው ካንሰር ያዘኝ ብላ ነው አይደል? ጥፋቱ የእኛ ነው። «ፖዘቲቭ» የሚለውን ቃል አገራችን በኤችአይቪ ዘመን ነው የተማረችው። ያን ቃል ሳናብራራ አንዲት ሴት ላይ ጥለን እንሄዳለን። በዚህ ምርመራ ፖዘቲቭ ማለት «ነጭ ቦታ ታይቷል» ማለት ብቻ ነው። አብዛኛው ካንሰር አይደለም። እንዲያውም ከነጩት ውስጥ ሳይታከም ቢተው ምንም የማይሆን ብዙ አለ። የትኛው እንደሚብስ በዓይን መለየት ስለማይቻል ነው ሁሉንም የምናክመው። ሕክምናው ቀላል ባይሆን ኖሮ እንዲህ አናደርግም ነበር።

ከባሏ መጣላቷም ያሳዝናል። ቫይረሱ መገኘቱ የማንንም አለመታመን አያሳይም። ከጋብቻ በፊት የገባ፣ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ተኝቶ የኖረ ሊሆን ይችላል። ከማን መጣ የሚለውን ሐኪምም መናገር አይችልም። ከቻልሽ ይህን አንብቢላት።

ስለ ሕክምናው ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር ልናገር። ብዙ ዓመት ሆኖታል። የምሠራበት ቦታ ነጩን ቦታ በቅዝቃዜ የምናክምበት ጋዝ አልቆ ነበር። አንዲት የ34 ዓመት ሴት ነጭ ቦታ ተገኘባት። ትንሽ ነበር፣ በ15 ደቂቃ የሚያልቅ። «ጋዙ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል፣ ተመለሽ» አልናት። ገበያ ቀን ነበር፣ በርበሬ ይዛ ነው የመጣችው። ሳቅ ብላ «እሺ» አለች። ጋዙ በሳምንቱ አልመጣም፤ ሲመጣም የጻፍነው ስልክ የጎረቤት ስለነበር አላገኘናትም። ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ ሆስፒታል ስሠራ በቃሬዛ መጣች። እኔ አላስታወስኳትም፣ እሷ ናት ያስታወሰችኝ። «ያኔ ተመለሽ ብለሽኝ ነበር» አለችኝ። ወቀሳ አልነበረበትም። ይቅርታ የምትጠይቅ ነበር የምትመስለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሴቶች ሁሉ የምነግረው ይህን ነው። አልጋው ላይ ከመውጣትሽ በፊት ጠይቂ፦ «ዛሬ ቢገኝብኝ ዛሬውኑ ታክሙኛላችሁ?» መልሱ «አዎ» ከሆነ ግቢ። «ማሽኑ ተበላሽቷል» ወይም «ጋዝ የለም» ካሉሽ፣ የት እንዳለ ጠይቂና እዚያ ሂጂ። ይህ ጥያቄ ድፍረት አይደለም፣ መብትሽ ነው። ምርመራና ሕክምና በአንድ ቀን መሆን አለበት የሚለው አሠራር አገራችን ውስጥ ተሞክሮ የሠራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አዲስ ተስፋ የተባለው ፕሮጀክት ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶችን በሆስፒታሎች መርምሯል። ከ10 አንዷ ገደማ ነጭ ቦታ ተገኝቶባታል። በቅዝቃዜ ለመታከም ከሚመቹት ውስጥ በጣም የሚበዙት ታክመዋል። ጋዙና የሠለጠነው ሰው በቦታው ስለነበሩ ነው።

ሕክምናው ሁለት ዓይነት ነው። ክራዮቴራፒ የሚባለው በረዶ ነው። ለስላሳ መጠጥ ውስጥ አረፋ የሚሠራው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብረት ጫፍ በኩል ያልፍና ብረቱ ይቀዘቅዛል። ሦስት ደቂቃ ይቀዘቅዛል፣ አምስት ደቂቃ ያርፋል፣ እንደገና ሦስት ደቂቃ። ሌላው በሙቀት ነው። በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ 100 ዲግሪ ይሞቅና ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ቦታው ላይ ያርፋል። ሲሰሙት ያስፈራል፣ አውቃለሁ። ግን የማህፀን በር እንደ ቆዳ የሚያቃጥል ስሜት የለውም። የወር አበባ ቁርጠት የመሰለ ነገር ይሰማሻል፣ ከዚያ ተነስተሽ በእግርሽ ትሄጃለሽ። ከታከሙት ከ10 ሴቶች 8 ወይም 9 በዚያው ይድናሉ። ማህፀን አይወጣም። መካን አያደርግም። ነጩ ቦታ ሰፊ ከሆነ ወይም ወደ ውስጥ ከገባ ሊፕ ለሚባል፣ የተለወጠውን ክፍል ቆርጦ ለሚያወጣ ሌላ ቀላል ሕክምና ወደ ሆስፒታል ትላኪያለሽ። ካንሰር ከተጠረጠረ ደግሞ መጀመሪያ ናሙና ይወሰዳል።

ከሕክምናው በኋላ ያለው አንድ ወር ነው ትዳር ውስጥ የሚከብደው። ውኃ የመሰለ ፈሳሽ በብዛት ይወርዳል፣ አንድ ወር ወይም ትንሽ ዘለግ ሊል ይችላል። ሞዴስ ያዢ። በዚያ ጊዜ ግንኙነት የለም፤ የግድ ከሆነ በኮንዶም። ይህን ለባልሽ ቀድመሽ ንገሪው። ብዙ ሴቶች የሚቀሩት በሽታውን ፈርተው ሳይሆን ይህን አንድ ወር እንዴት እንደሚያስረዱ ጨንቋቸው ነው። ቢቻል አብሮሽ ይምጣና ነርሷ ትንገረው። ወንዶች ከእኛ አፍ ሲሰሙ ይቀላቸዋል፤ አብዛኞቹ ከምንጠብቀው በላይ አስተዋይ ናቸው። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ወይም ብዙ ደም ካየሽ ግን ሳትውይ ሳታድሪ ተመለሺ። ከዓመት በኋላም አንዴ ትታያለሽ።

ምርመራው ራሱ እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፣ ሳታውቂ እንዳትደነግጪ። የወር አበባሽ ካለቀ በኋላ ሂጂ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ እስክትወልጂ ይቆይ። ሉፕ ቢኖርሽ ችግር የለውም። አልጋ ላይ ጀርባሽን ሰጥተሽ ትተኛለሽ፣ ነጠላ ይደረብልሻል። ስፔኩለም የሚባለው መሣሪያ ይገባል፤ ቅዝቃዜውና መወጠሩ ደስ አይልም፣ ግን አያቆስልም። በረጅሙ ተንፍሺ፣ መቀመጫሽን አትወጥሪ። ኮምጣጤው ሲነካሽ ትንሽ ይለበልባል። አለቀ። መርማሪው ወንድ ከሆነና ካልተመቸሽ «ሴት ትየኝ» ማለት ትችያለሽ። በአብዛኛው የምትመረምረው ሴት ነርስ ናት።

ነጌቲቭ ከሆንሽ ደግሞ ለዘላለም አይደለም። በኮምጣጤ ከሆነ በየሦስት ዓመቱ፣ በኤች ፒ ቪ ምርመራ ከሆነ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መደገም አለበት። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለሽ ሁሉ ይህ ያንቺ ነው። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ እህቶች ከ25 ዓመታቸው ይጀምሩ። ለዚህ ካንሰር ያላቸው ተጋላጭነት ስድስት እጥፍ ያህል ነው፣ ጊዜውም ያጥራል። መድኃኒት ለመውሰድ በሄዱበት ቀን እዚያው ይጠይቁ።

ልጅሽን በሚመለከት አጭር መልስ፦ አስከትቢያት። ክትባቱ በአገራችን የጀመረው በኅዳር 2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነው፣ ኋላ ከ9 ዓመት ጀምሮ እንዲሆን ሰፍቷል። አንድ ጊዜ መወጋት ይበቃል። ልጅ መውለድ ይከለክላል የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። ግንኙነት ከመጀመሩ በፊት መሰጠቱም ልጅቷን ለማባለግ ሳይሆን ቫይረሱ ሳይደርስ መድረስ ስላለበት ነው። አንቺ በምርመራ የምትከላከዪውን እሷ ከወዲሁ ትገላገለዋለች፤ ዕድሜዋ ሲደርስ ግን እሷም ትመረመራለች፣ ክትባቱ ሁሉንም ዓይነት አይሸፍንምና።

የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዕቅድ እስከ 2030 ድረስ ከ100 ሴቶች 70ው በ35 ዓመታቸውና በ45 ዓመታቸው ይመርመሩ ይላል። እኛ ከዚያ በጣም ሩቅ ነን። እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአንቺ የዕድሜ ክልል ካሉ 100 ሴቶች ተመርምረው የሚያውቁት 3 ያህል ብቻ ነበሩ። የጋዙ፣ የመሣሪያው፣ የሠለጠነው ሰው ጥያቄ የመንግሥት ድርሻ ነው፣ በዚህ ላይ መጮሄን አልተውም። ግን ቤትሽ ድረስ የመጣችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የአክስትሽን ልጅ ደብዳቤ የምትተካልን እሷ ናት። ፀሐይ እየመታት በእግሯ የምትዞር ደብዳቤ። እባክሽ በሚቀጥለው ስትመጣ ቡና አጠጪያት፣ ጎረቤቶችሽንም ጥሪላት።

ካርድ ስታወጪ የራስሽን ስልክ አስመዝግቢ፣ የማይቀየረውን። ሁለተኛ ስልክም ስጪ፣ የባልሽን ወይም የእህትሽን። ውጤትሽን በቃል ብቻ አትቀበዪ፤ ቀኑና የሚቀጥለው ቀጠሮ ተጽፎ ይሰጥሽ።

ነገ ጠዋት ግን መጀመሪያ እናትሽን ይዘሽ ሆስፒታል ሂጂ። የአንቺ በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል።